ፔንግዊን ካፌ ኦርኬስትራ፦ ይህ ሙዚቃ ከየት መጣ? እግሬስ ለምን ምቱን ይስታል?

የማታ ሬዲዮ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ባለፈው ሳምንት «ሜሪ ኤንድ ማክስ» የሚባለውን በ2009 የወጣ የአውስትራሊያ ፊልም አየሁ። በጭቃ ቅርጾች የተሠራ ነው፤ አንዲት ትንሽ የአውስትራሊያ ልጅና ኒውዮርክ የሚኖር ብቸኛ ሰውዬ ለዓመታት ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ፊልሙ አስለቀሰኝ፤ ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሙዚቃ አልለቅሽ አለኝ። ፒያኖው አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ የክር መሣሪያዎቹ ቀስ እያሉ ይገቡበታል። ማንም አይዘፍንም። ስሙን ፈልጌ አገኘሁት፦ «ፐርፔቱም ሞቢሌ»፤ ፔንግዊን ካፌ ኦርኬስትራ የሚባል የእንግሊዝ ቡድን በ1987 ያወጣው ነው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? አንዱ ክላሲካል ይላቸዋል፣ አንዱ ፎልክ፣ ሌላው ቻምበር ፖፕ። የቀሩትን ሥራዎቻቸውን ስሰማ ደግሞ አንዱ የገጠር ጭፈራ ይመስላል፣ አንዱ አሮጌ ኦርጋን አለበት፣ በአንዱማ ስልክ ይጮኻል! ሁለተኛው ጥያቄዬ፦ በዚያ በፊልሙ ሙዚቃ እግሬን ልመታ ስሞክር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እሰናከላለሁ። ጥፋቱ የጆሮዬ ነው ወይስ የሙዚቃው? ከየትኛው አልበም ልጀምር? አመሰግናለሁ።

አራተኛው ክር፦

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ጆሮሽ ምንም አልሆነም፤ ስለ ምቱ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳሽ ሰው እዚህ ቤት አለ፣ እሱ ይምጣና ይንገርሽ። እኔ ስለ ሰውዬው ላጫውትሽ። ቫዮሊን እጫወታለሁ፣ ይህን ቡድን መስማት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት በተቀዳ ካሴት ነበር፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ፔንግዊን» ተብሎ ብቻ ተጽፏል። የአልበም ስም የለ፣ የሙዚቃዎቹ ስም የለ፣ የአገሩ ስም የለ። ለረጅም ጊዜ ከየት አገር እንደመጡ ሳላውቅ ነው የወደድኳቸው።

መሪው ሳይመን ጄፍስ ይባላል፤ በ1949 የተወለደ እንግሊዛዊ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ክላሲካል ጊታር ተምሯል። የክላሲካሉ ዓለም ግን ጠበበው፣ ሮኩም ልቡን አልሞላለትም። እንዲህ በሁለት ሐሳብ ሳለ፣ በ1972 ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ የተበላሸ ዓሣ በልቶ ታመመ። አልጋ ላይ ተኝቶ ደጋግሞ አንድ ነገር ይታየው ጀመር፦ ሆቴል ይሁን መኖሪያ ቤት የማይለይ የሲሚንቶ ሕንፃ። በየክፍሉ ሰው አለ፣ እያንዳንዱን ክፍል የኤሌክትሮኒክ ዓይን ይቃኘዋል። አንዱ መስታወት ፊት ቆሟል። ጥንዶች ያለ ፍቅር ተቃቅፈዋል። በሌላው ክፍል አንድ የሙዚቃ ደራሲ በመሣሪያ ተከቦ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ድምፅ የሚባል ነገር ግን የለም። ሁሉም በሥርዓት ተቀምጧል፣ ልብ የሚባል ነገር ግን የለበትም።

በማግስቱ ሻል ሲለው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ሳያስበው ግጥም መጣለት። ተናጋሪው የፔንግዊን ካፌ ባለቤት ነው፤ ነገርን እንደ መጣለት፣ ያለ ቅደም ተከተል ያወራል። ድንገተኛ ነገር፣ ያልታሰበ ነገር፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ነገር በሕይወታችን ውስጥ ውድ እንደሆነ፣ ኑሯችን እንዲያምርልን ብለን ያንን ካፈንነው ዋናውን ነገር እንደምንገድለው የሚናገር ግጥም ነበር። እንግዲህ ይህ ቡድን የዚያ በሐሳብ ብቻ ያለ ካፌ የቤት ባንድ ነው።

ታሪኩን ለጋዜጠኛ የሚነገር ማሳመሪያ አድርገው የሚያልፉት አሉ። እኔ ግን ሙዚቃውን በሙሉ የሚያስረዳልኝ እሱ ነው። ጄፍስ ድንገት የመጣበትን ድምፅ የሚቀበለው እንደ እግዜር እንግዳ ነው፤ «ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ» ሳይል እግሩን አጥቦ ያስገባዋል።

ያቺን የስልክ ሙዚቃ ውሰጂ። አንድ ቀን ስልክ ሲደውል በመስመር ብልሽት የጥሪው ድምፅና «ተይዟል» የሚለው ድምፅ አንድ ላይ ተደራርበው ይሰሙታል። ሌላው ሰው ዘግቶ እንደገና ይደውላል። እሱ ቀዳው። የተቀዳውን ቆርጦ እንዲዞር አደረገና ሥሩ ላይ የተወጠረ ላስቲክ በጣቱ እየነጠቀ ጨመረበት፣ ከዚያ የክር መሣሪያዎቹን አስገባ። በ1981 በወጣው፣ የቡድኑን ስም በያዘው አልበም ላይ ነው ያለው፤ ስሙም «ስልክና ላስቲክ» ነው፣ ሌላ የሚለው ነገር የለም። ስትሰሚው ቫዮሊኖቹ በስልኩ ላይ አይቀልዱም፤ እንደ አንድ ሙዚቀኛ ነው የሚያጅቡት። የሚነካኝም ይኸው ነው።

አሮጌው ኦርጋን ያልሽው ሃርሞኒየም ነው፤ ተጫዋቹ በእግሩ እየረገጠ ነፋስ የሚሰጠው። በ1982 ቡድኑ ጃፓን ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጄፍስ ኪዮቶ ተቀምጦ ሳለ አንድ ሃርሞኒየም ጎዳና ላይ ተጥሎ አገኘ። አንሥቶ ወዳጁ ቤት አስቀመጠው፣ በነዚያ ወራት እየተመላለሰ ይጫወትበት ነበር። ከዚያ የወጣውን ሙዚቃ በ1984ቱ አልበም ላይ «ለተገኘ ሃርሞኒየም የተደረሰ ሙዚቃ» ብሎ አወጣው። «ለተገኘ» የሚለውን ቃል ልብ በይ። የአየርላንድ ባሕላዊ ሙዚቀኞች ወዲያው ዘመዳቸው አደረጉት፤ ፓትሪክ ስትሪት የሚባለው ቡድን በ1990 ቀዳው፣ ሻሮን ሻነንም በአኮርዲዮን ተጫወተችው። ዛሬ ባሕላዊ ሙዚቀኞች ተሰብስበው ሲጫወቱ ከጥንት ዜማ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል፣ አንድ እንግሊዛዊ ጃፓን ውስጥ የደረሰው መሆኑን ሳያውቁ የሚጨፍሩበት ብዙ ናቸው።

አሁን ስለ ድምፁ ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ብረዝም ይቅር በይኝ። ከታች ቼሎ አለ። የቼሎዋ ተጫዋች ሔለን ሊብማን ከጄፍስ ጋር ቡድኑን የመሠረተችው ናት። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ኖታ ይዛ ትመላለሳለች፤ አታጌጥም፣ አትሮጥም። መሐል ላይ ኡኩሌሌ ወይም ኩዋትሮ አለ። ኩዋትሮ አራት ክር ያለው የቬንዙዌላ ትንሽ ጊታር ነው፤ ሲመታ ድምፁ ቶሎ ይደርቃል፣ ክራር በድርድር ሳይሆን በምት ሲጫወት እንደሚሰማው ያለ ነው። ይህች ትንሽ መሣሪያ የከበሮውን ሥራ ወስዳለች። በአብዛኛው ሥራቸው ላይ ከበሮ የለም፤ ትከሻሽን የሚያንቀሳቅስሽ ያ ደረቅ የክር ምት ነው። ከላይ ቫዮሊንና ቪዮላ አሉ። እነዚህ ሰዎች በትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ መጫወት የሚችሉ፣ በደንብ የተማሩ ናቸው፤ እዚህ ግን ድምፁን ብዙ አያንቀጠቅጡትም፣ ቀጥ አድርገው እንደ መንደር ሙዚቀኛ ይስቡታል። የተማረ እጅ ያልተማረ መሣሪያ ጎን ተቀምጦ፣ ማንም ማንን ሳይንቅ። የዚህ ቡድን ድምፅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረን ብትሉኝ ይህን ነው የምለው።

ሙሉ በሙሉ ያለ ኤሌክትሪክ ናቸው ማለት ግን አይደለም። ቤዝ ጊታር አለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ላይ ስቲቭ ናይ የሚጫወተው ኤሌክትሪክ ፒያኖ አለ። የሚገርመው አይጮኹም፤ ከኡኩሌሌው በላይ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ እንዳይኖር የተስማሙ ይመስላል።

ደግሞ መደጋገሙ። ብዙ የውጭ አድማጭ በዚህ ይገረማል፣ የእኛ ጆሮ ግን ሊገረም አይገባውም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ አንዲትን ሐረግ ሲዞርባት ዜማው ያው ነው፣ ግጥሙ ነው የሚለዋወጠው፤ ተሰላችቶ የሚነሣ የለም። እነዚህ ሰዎች ግጥም የላቸውም። በግጥሙ ፈንታ የሚለዋወጠው ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ዝም አለ የሚለው ነው። እንዲህ አድርገሽ ስሚው፣ እያንዳንዱ ዙር አዲስ ስንኝ እንደሆነ ቁጠሪው።

ይህን የተማርኩት በመስማት ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት አራት ሆነን፣ ማለት ቫዮሊን፣ ጊታር፣ አኮርዲዮንና ክራር፣ ያንን የሃርሞኒየም ሙዚቃ ለመጫወት ተነሣን። አኮርዲዮኑ የሃርሞኒየሙን ቦታ ያዘ። ኖታው ቀላል ነው፣ በአንድ ምሽት ያዝነው። ግን ሞተብን። ሦስት ሳምንት ለፋንበት፣ ከልምምድ ልምምድ እየባሰበት ሄደ። እኔ ቫዮሊኑን አስጌጣለሁ፣ ጊታሩ ክፍተት ባየ ቁጥር ይሞላል፣ ሁላችንም ጎበዝ ነን። በክራሩ ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመን፤ ዜማው የሚፈልጋቸው ኖታዎች በቅኝቱ ውስጥ የሉም። ክራር ተጫዋቹ በመጨረሻ ተናደደና ሁሉንም ትቶ በሦስት ክሮች ብቻ፣ ከሙዚቃው ጋር የማይጣሉትን ሦስት ኖታዎች እየመታ መጠበቅ ጀመረ። ዝም ብሎ፣ ሳይለዋውጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ያኔ ነው ሙዚቃው የተነሣው። እኔም ጌጤን ጣልኩ፣ ጊታሩም ዝም ማለት ጀመረ። የዚያን ምሽት አሥር ጊዜ ደጋግመን ተጫወትነው፤ ማንም ወደ ቤቱ መሄድ አልፈለገም።

ሸክላ ወዳጅ፦

አራተኛው ክር ሁልጊዜ ስለዚህ ቡድን ሲጽፍ ልብ ይነካል፣ እኔ ግን እንደሱ አልሆንኩም። የ1976ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው ሸክላ አለኝ፤ እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ ኦብስኪዩር በሚለው የራሱ አሳታሚ ያወጣው። ሽፋኑ ላይ ያለው የኤምሊ ያንግ ሥዕል፣ የፔንግዊን ራስ ያላቸው ሰዎች፣ ከሙዚቃው ይልቅ ነው የሚገርመኝ። አልበሙ ውስጥ ጨለማ ያላቸው፣ ኮስተር ያሉ ነገሮች አሉ፤ «የምትወደው ሰው ሲሄድና ግድ ሳይሰጥህ የሚሰማው ድምፅ» የሚል ስም ያለው፣ አሥር ደቂቃ የሚያልፍ ሥራ አለ፣ እሱን እወደዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ለእኔ በጣም ቆንጆ ሆኑብኝ። ማንም የማይቆጣበት፣ ማንም የማያለቅስበት ሙዚቃ። ማስታወቂያ ሠሪና ፊልም ሠሪ የሚወዳቸው ለዚህ ይመስለኛል። የስዊድኑ ዲጄ አቪቺ በ2011 «ፌድ ኢንቱ ዳርክነስ»ን የሠራው ከዚያው ከፐርፔቱም ሞቢሌ ሐረግ ነው፤ ለጭፈራ ቤት ያለ ምንም ችግር ገጠመለት።

ቻምበር ፖፕ ስለሚለው፦ እኔ አልላቸውም። ቻምበር ፖፕ ዘፈን ነው፤ ዘፋኝ አለ፣ ግጥም አለ፣ ከጀርባው ቫዮሊንና ቼሎ ወይም ጡሩምባ ይገባል። እነዚህ የሚዘፍን ሰው እንኳ የላቸውም።

ምት ቆጣሪ፦

አራተኛው ክር፣ የጠራኸኝን ሰምቼ መጣሁ።

የማታ ሬዲዮ፣ የምትሰናከዪው ሙዚቃው አንድ ምት ስለሚጎድለው ነው። ጆሯችን በአራት አራት መቁጠር ለምዷል፣ አራት አራቶች ሲሆኑ 16። ፐርፔቱም ሞቢሌ የሚዞረው ግን በ15 ነው። የፒያኖውን ሐረግ ይዘሽ እንዲህ ቁጠሪ፦ 1-2-3-4፣ 1-2-3-4፣ 1-2-3-4፣ 1-2-3፣ ከዚያ ሳታርፊ ወዲያው ከ1። እግርሽ 16ኛውን ሊመታ ሲወርድ ሙዚቃው አዲሱን ዙር ጀምሮ ጥሎሽ ሄዷል። ስሙ «የማያቋርጥ እንቅስቃሴ» ማለት ነው፤ የማያቋርጠውም በዚህ ነው። 16 ቢሆን ኖሮ በየዙሩ ቁጭ የሚልበት ቦታ ይኖረው ነበር። አንዷ ስለጎደለች መቀመጫ የለውም፣ ሁልጊዜ ወደፊት እንደተደፋ ነው።

ለተማሪዎቼ ይህን ሳስተምር መቁጠሩን እንዲተዉት አደርጋለሁ። መጀመሪያ ፒያኖውን እንዲያንጎራጉሩት አደርጋለሁ፣ ሳይቆጥሩ፣ እስኪለምዱት። አፍ ከእግር ይፈጥናል። አፍሽ ከያዘው በኋላ እግርሽ ይከተላል።

ለሸክላ ወዳጅ አንድ ነገር ልበል፦ አቪቺ ያንን ሐረግ ለጭፈራ ቤት ሲወስደው ለጭፈራ እንዲመች ምቱን ሞላው። የጎደለችውን መለሰላት። ሁለቱን ተከታትለህ ስማቸው፤ ያቺ አንዲት ምት ስትገባ ምን እንደሚጠፋ ይሰማሃል። ቆንጆ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስትሞላ ምንም አይጠፋም ነበር።

አራተኛው ክር፦

ምት ቆጣሪ፣ እጅህ ይባረክ።

ሸክላ ወዳጅ ወንድሜ፣ ስለ መጀመሪያው አልበም እስማማለሁ፣ ጨለማው እኔም ይናፍቀኛል። «ማንም የማያለቅስበት» ባልከው ግን አልስማማም፣ ጠያቂዋ ራሷ አልቅሳ ነው የመጣችው። ቁጣ የለም ስላልከው ደግሞ፦ የፓንክ ሮክ ዘፋኙ ሲድ ቪሽየስ በ1978 «ማይ ዌይ»ን እየጮኸ ሲዘፍነው ከጀርባው ያለውን የቫዮሊን ቅንብር የጻፈው ይኸው ጄፍስ ነው። ቁጣ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፣ ጎኑ ቆሞ ሠርቷል። ለራሱ ካፌ የመረጠው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ይህንን እንደ ድክመት አላየውም።

ሁልጊዜ የማስበው አንድ ምሽት አለ። የመጀመሪያው ትልቅ ኮንሰርታቸው በጥቅምት 1976 ለንደን፣ ራውንድሃውስ ውስጥ ነበር፤ ከክራፍትቨርክ በፊት ነው መድረክ የወጡት። አስቢው። በትኩሳት ሕልሙ በመሣሪያ ተከቦ ዝም ያለ ሙዚቀኛ ያየ ሰው፣ የጀርመኖቹን የማሽን ሙዚቃ ለመስማት በመጣ ሕዝብ ፊት ቼሎና ኡኩሌሌ ይዞ ወጣ። ክራፍትቨርክን በጣም እወዳለሁ፣ ስለዚህ ማንን ከማን ለማስበለጥ አይደለም። ግን የዚያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ ብገኝ ብዬ የምመኘው ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ነው።

ስለ ስሙ። ቻምበር ማለት እልፍኝ ነው። አዳራሽ ለግብር ነው፣ ሕዝብ የሚበላበት፣ ጡሩምባ የሚነፋበት፤ እልፍኝ ለቅርብ ሰው ነው። የእልፍኝ ሙዚቃ ሲባል እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ሰው ብቻ የሚጫወተው፣ መሪ ዱላ ይዞ የማይቆምበት፣ ተጫዋቾቹ በዓይን የሚግባቡበት ማለት ነው። ከዚህ አንጻር ፔንግዊን ካፌ የእልፍኝ ሙዚቃ ናቸው፣ ስማቸው ውስጥ ኦርኬስትራ ቢልም። ፖፕነታቸው ደግሞ በርዝመቱ፣ በሚያዝ ሐረጉ፣ ለማንም ክፍት በመሆኑ ነው። ዘፈን የለም፣ ይህ እውነት ነው፤ በመጀመሪያው አልበም ላይ ኤምሊ ያንግ ትንሽ ድምፅ አሰምታለች፣ ከዚያ በኋላ ሙዚቃው በአብዛኛው መሣሪያ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ሸክላ ወዳጅ በሕጉ ከሄድን ልክ ነህ። እኔ ግን አንድ ሰው ቻምበር ፖፕ ብሎ ሲፈልግ ቢያገኛቸው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ረስቻለሁ፤ በ1988 ዴቪድ ቢንትሊ ለእንግሊዝ ሮያል ባሌት በነሱ ሙዚቃ የባሌት ትርኢት ሠርቷል። የሚጠፉ እንስሳት ናቸው የሚጨፍሩት። እዚያ ካፌ የምታስተናግደው ወፍ ግሬት ኦክ ናት፤ እንደ ፔንግዊን ቆማ የምትሄድ፣ መብረር የማትችል የሰሜን አትላንቲክ ወፍ። ሰው አድኖ ጨረሳት፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተገደሉት በ1844 ነው። ያንን ካወቅሽ በኋላ ያ ደስ የሚል የኩዋትሮ ምት ሌላ ነገር ይሆንብሻል።

ጄፍስ በታኅሣሥ 1997 በአንጎል ዕጢ ሞተ፣ 48 ዓመቱ ነበር። የመጨረሻው የስቱዲዮ አልበም በ1993 የወጣው «ዩኒየን ካፌ» ነው። ጆን ኬጅ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሞቶ ነበር፤ ያም የሙዚቃ ደራሲ ድንገተኛ ድምፅን ሁሉ ሙዚቃ ብሎ የተቀበለ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ኖታዎች በፊደል ነው የሚጠሩት። ጄፍስ የ«ኬጅ»ን አራት ፊደላት (C-A-G-E) እና «ሞቷል» የሚለውን ቃል አራት ፊደላት (D-E-A-D) ቢያያቸው ስምንቱም ኖታ ናቸው። እነሱን እያዞረ እዚያው አልበም ላይ ሙዚቃ አደረጋቸው። ለቅሶ ነው፣ ግን እንደ ሃርሞኒየሙ ጎዳና ላይ ያገኘው ለቅሶ። የቀብር ሙሾ የሚሰማበት እንዳይመስልሽ፣ ይራመዳል።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ሁለት ቦታ ተከፈለ። የጥንቶቹ ተጫዋቾች ከፊሎቹ በሌላ ስም እየተሰበሰቡ የጄፍስን ሥራ ይጫወታሉ። ልጁ አርተር ጄፍስ ደግሞ፣ አባቱ በሞተ በአሥረኛው ዓመት ለንደን ዩኒየን ቻፕል ውስጥ በተደረጉት የመታሰቢያ ኮንሰርቶች ላይ ከጥንቶቹ ጋር ተጫውቶ፣ በ2009 ከአዲስ ሰዎች ጋር ፔንግዊን ካፌ ብሎ የራሱን ቡድን ጀመረ። «ኦርኬስትራ» የሚለውን ቃል ለአባቱ ተወለት። ልጁ የሠራው የተጣራ ነው፣ ፒያኖው ይበዛል፣ ቅርጹ የተስተካከለ ነው። በሥራው እኮራለሁ፣ በየጊዜው አዲስ ሲያወጣ ገዝቼ እሰማለሁ። የሚጎድለኝ ላስቲኩ ነው።

ከየት ልጀምር ላልሽው፦ ከ1981ዱ ጀምሪ። የስልኩም እዚያ ነው፣ «ኤር አ ዳንሴ»ም እዚያ ነው፤ እሱን መጀመሪያ ስሚው፣ ክሩ ሰው ሲያስጨፍር ታያለሽ። ከዚያ የ1984ቱን «ብሮድካስቲንግ ፍሮም ሆም» ለሃርሞኒየሙ፣ ከዚያ አንቺ ያገኘሽው ሙዚቃ ያለበትን የ1987ቱን «ሳይንዝ ኦፍ ላይፍ» («የሕይወት ምልክቶች»)። ሦስቱን ከጨረስሽ «ዌን ኢን ሮም» የሚለውን ፈልጊ፤ በ1987 ለንደን ሮያል ፌስቲቫል ሆል ውስጥ በቀጥታ የተቀዳ ነው፣ ሮም የሚለው ስሙ እንዳያሳስትሽ። የመጀመሪያውን የ1976ቱን ለመጨረሻ አቆዪው። ኮስታራ ነው፣ ሳትለምጂያቸው ቢያገኝሽ ሊያስበረግግሽ ይችላል።

አንድ ልመና፦ በትንሽ የስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሚው። ቼሎዋ እዚያ አትሰማም፣ እሷ ከሌለች ቤቱ ምሰሶ የለውም።

ሸክላ ወዳጅ፦

የኬጁን ስምንት ፊደል አላውቅም ነበር። ዛሬ ማታ ዩኒየን ካፌን እንደገና አወጣዋለሁ። ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ ግን እሰማዋለሁ።

የማታ ሬዲዮ፦

ጋሼ አራተኛው ክር፣ ምት ቆጣሪ፣ ሸክላ ወዳጅ፣ ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ይህን ያህል ሰው ይመልስልኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

ዛሬ ጠዋት እንደተባልኩት አደረግሁ። መጀመሪያ ሳልቆጥር አንጎራጎርኩት። ሦስት ዙር ተሳሳትኩ፣ በአራተኛው ያዝኩት፣ ከዚያ እግሬ ራሱ መጣ። አሁን ያቺ የጎደለችዋ ምት ስትደርስ አስቀድሜ ትሰማኛለች። ትንሽ ታስፈራለች፤ ደረጃ ላይ ስትወርዱ አንድ እርከን እንዳለ አስባችሁ እግራችሁ መሬቱን ቀድሞ ሲነካ እንደሚሆነው። የአቪቺውንም ሰማሁት፣ እዚያ ደረጃው ሙሉ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን «ኤር አ ዳንሴ» ትልቁን ድምፅ ማጉያ ከፍቼ ስሰማ እናቴ ከጓዳ ወጣች። ቆማ ትንሽ አዳመጠችና «ይኼ ክራሩን የሚመታው ልጅ ማነው? ጣቱ ይጣፍጣል» አለችኝ። ምን ልበላት?

አራተኛው ክር፦

እንግሊዛዊ ነው፣ መሣሪያውም አራት ክር ብቻ ያለው ኩዋትሮ ነው በያት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምረሽ እንደገና ክፈችላት፣ እሷም ቁጭ ብላ ትስማው።